የኤድንብራው መርዶ

ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር መግፋት በጀመርኩ ሰሞን አንድ ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ ደረሱኝ። ሊትልተን ካለችው ልጃቸው ቤት ተነስተው፣ የታመመ ታላቅ ወንድማቸውን ለመጠየቅ ወደ ትውልድ ከተማቸው ኤድንብራ ይሄዳሉ። ጆሯቸው ደክሟል። ሴኪዩሪቲ እንዳለፍን ስልካቸው ጮኸ፤ አልሰማ ሲላቸው ለእኔ አቀበሉኝ።

ልጃቸው ናት፣ ታለቅሳለች። "አጎቴ አረፈ። ሳይሳፈሩ እባክህ ንገርልኝ፤ መመለስ ከፈለጉ እመጣለሁ።"

"ምን አለች?" አሉኝ።

"በሰላም ይግቡ ነው የምትለው።"

ውሸቱ አመለጠኝ። መርዶ መንገድ ላይ ላለ፣ ለብቻው ለሆነ ሰው እንዲህ በዋዛ አይነገርም። ፈንጠር ብዬ ለሥራ ባልደረባዬ ደውዬ ነገሩን ነገርኳት፤ በዕድሜ እናቴ ትሆናለች።

"እትዬ፣ ምን ላድርግ?"

"እህል ቀምሰዋል?"

"እንጃ።"

"ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል? መጀመሪያ አብላቸው። ደግሞ ያንን ሰው ሁሉ ላይ የምታነበንበውን ግጥምህን እንዳትጨምርበት!"

ሾርባ ገዛሁላቸው። አልፈልግም አሉ። "በሞቴ" አልኳቸው በእንግሊዝኛ። ለሾርባ በሞቱ የሚለምን ሰው አይተው ስለማያውቁ ሳቁና ማንኪያውን አነሱ።

እየበሉ ስለ ከተማቸው አወሩኝ። ጥንታዊው ግንብ የከሰመ እሳተ ገሞራ ላይ ተቀምጧል። አንድ ሐኪም የማደንዘዣ መድኃኒት ቤቱ ራት ከጋበዛቸው ወዳጆቹ ጋር ሞክሮ፣ ሁሉም ከጠረጴዛ ሥር ተዘርረው ተገኙ። አጉል እምነትን ሲነቅፍ የኖረ ፈላስፋም ነበር፤ ዛሬ ሰው ዕድል ፍለጋ የሐውልቱን የእግር ጣት እያሻሸ ነሐሱ እንዲያብረቀርቅ አድርጎታል።

"ወንድሜ የሒሳብ መምህር ነበር፣ በዕድል አያምንም" አሉኝ። "ግን ያንን ጣት ሳይነካ አያልፍም። ስደርስ አሾፍበታለሁ።"

ሳህኑ ባዶ ሆነ። ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩና ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። አልሰሙም። ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ በአጠገባችን የሚያልፈው ሁሉ ዞሮ አየን።

ባዶውን ሳህን ትኩር ብለው አዩት።

"ሾርባው ለዚህ ነበር?"

"አዎ፣ አባባ።"

እጄን አልለቀቁም። በረራቸው ተጠራ።

"ልጅዎን ልጥራት? ቤት ትመልስዎታለች።"

"የለም፣ ግፋ" አሉኝ ዓይናቸውን በናፕኪን እየጠረጉ። "ያንን ጣት ከእንግዲህ ማን ይነካለታል?"