የቅዳሜው ስም ጥሪ

ክረምት ገብቶ ዝናብ ቆርቆሮ መምታት ሲጀምር፣ ከዝናቡ ሥር አንድ የወንድ ድምፅ ይሰማኛል። ድምፁ ቁጥርና ስም ይጠራና ዝም ይላል፤ ጥቂት ይጠብቅና ወደሚቀጥለው ያልፋል። የስምንተኛ ክፍል ኃላፊያችን የነበረው የቲቸር ታምሩ ድምፅ ነው፤ የሚመጣውም መስታወቱ ከተሰነጠቀው ከእናቴ ስልክ ነው።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አዳማ ውስጥ፣ አምስት ተከራይ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ፣ ከእናቴ ጋር በአንዲት ክፍል እንኖር ነበር። አባቴ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ስለነበር ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነበር። እናቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ጠዋት ሰርቪሱ እንዳያመልጣት እየሮጠች ትወጣና፣ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ትጋደም ነበር። እንደተጋደመች ስለ ውሎዬ ትጠይቀኛለች፣ እንደተጋደመች ትቆጣኛለች፣ መልሴን ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። እስከ ዛሬ የእናቴን ፊት ሳስብ የሚመጣልኝ ጋደም እንዳለች ነው።

እኔ ድምፄ የማይሰማ ልጅ ነበርኩ። ጠዋት ስም ሲጠራ «አቤት» እላለሁ፤ ለእኔ የጮኽኩ ይመስለኛል፣ ለሌላው ግን ከንፈሬ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። አራተኛ ክፍል እያለን፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁለት ቀን ቀሪ ተብዬ ከተመዘገብኩ በኋላ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ሀዊ ነገሩን በራሷ ላይ ወሰደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጽዮን» በተባለ ቁጥር እጇን አውጥታ «አለች ቲቸር» ትል ነበር። የሀዊ እናት መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ቁርስ ቤት ነበራት፤ ሀዊ ከትምህርት በፊት እዚያ ቆማ «አንድ ፉል፣ ሁለት ፍርፍር» እያለች ወደ ጓዳ ስትጣራ ስለምታረፍድ ድምፅዋ የተገራው ከመኪና ጥሩምባ ጋር ሲታገል ነው። «አንቺ ድምፅሽን ለሠርግሽ ቆጥቢው» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ትምህርት ቤታችን በዓመቱ መዝጊያ ቀን የራሱ ወግ ነበረው። ካርድ ከመሰጠቱ በፊት፣ የስምንተኛ ክፍል ኃላፊ ዓመቱን ሙሉ ስም ሲጠራበት የከረመውን መዝገብ ይዞ ባንዲራው ሥር ይቆማል፤ ወላጆች ከየክፍሉ በወጡ ዴስኮች ላይ ይቀመጣሉ፤ ተሰናባቾቹም አንድ በአንድ ለመጨረሻ ጊዜ ይጠራሉ። የተጠራው ልጅ «አለሁ» ብሎ ይጮሃል፣ ቤተሰቡ እልል ይላል፣ ከዚያ ጓደኞቹ ሸሚዙን እየጎተቱ በእስክሪብቶ ይፈርሙበታል። እኔ ከትንንሾቹ ጋር ደረጃ ላይ ተቀምጬ ያንን እያየሁ፣ ያንን ቀን እየፈራሁ አደግሁ። ሀዊ ታውቅ ነበር። «የዚያን ቀን ግን ራስሽ ነሽ የምትመልሺው፤ የእኔ ሥራ እልልታው ነው» ትለኝ ነበር።

ተራችን በደረሰበት ዓመት፣ በመጋቢት፣ ሞቃቱ ነፋስ አቧራ እያዞረ ዓይን በሚያስጨፍንበት ሰሞን፣ ዓለምን ባዳረሰው ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤት ለአሥራ አምስት ቀን ተዘጋ ተባለ። ደስ ብሎን እየሮጥን ወጣን። እኔ አንድ ደብተሬን ዴስኬ ውስጥ ትቼው ነበር፤ ለአሥራ አምስት ቀን ብዬ።

ሚያዝያና ግንቦት ሙቀቱ ቤት ውስጥ አላስቀምጥ እያለን፣ ወደ ውጭ መውጣት እየተከለከልን አለፉ። ቲቸር ታምሩ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍቶ የትምህርቱን ማስታወሻ በእጁ እየጻፈ፣ ፎቶ እያነሳ ይልክልን ነበር፤ ሁልጊዜ የእጁ ጥላ አንዱን መስመር ይሸፍነው ነበር። የእናቴ ፋብሪካ ስላልተዘጋ ስልኩ ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር ይውላል፤ እኔ የምገለብጠው እሷ ገብታ ስትጋደም ነበር። በባለፈው ዓመት ዩኒፎርሜ ጨርቅ ለግቢው ሰው ሁሉ የፊት ጭንብል ሰፍታ ስለነበር፣ ጎረቤቶቻችን በሙሉ በእኔ ሰማያዊ ሸሚዝ አፋቸውን ሸፍነው ውኃ ሊቀዱ ይወጡ ነበር።

መናኸሪያው ጭር ሲል የሀዊ እናት ቁርስ ቤቷን ዘግታ፣ ልጆቿን ይዛ መልካሳ፣ ሽንኩርት የሚያመርተው ወንድሟ ዘንድ ሄደች። የአጎትየው ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ቴሌግራም አያስገባም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ እናቴ ስትገባ ስልኳን ተቀብዬ ለሀዊ እየደወልኩ የሳምንቱን ማስታወሻ አነብላት ነበር፤ እሷ ማሳው ዳር ተቀምጣ ትጽፋለች። «ጮክ በይ ባክሽ፣ እዚህ የውኃ ፓምፕ አለ» ትለኛለች። ስጮህ ከጓሮ ሆነው የሚሰሙኝ ጎረቤቶች በኋላ ስለ ፎቶሲንተሲስ ይጠይቁኝ ነበር። እያደር ግን ሀዊ መጻፏን እያቆመች መጣች። አንብቤ ስጨርስ «ጻፍሽ?» እላታለሁ፣ «ሰምቼሻለሁ» ትለኛለች፤ ከሽንኩርት ነቀላ በኋላ እስክሪብቶ መያዝ እንደሚያቅታት የነገረችኝ ዘግይታ ነው።

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ሲያስተኛው፣ ቲቸር ታምሩ በግሩፑ ላይ መልእክት ላከ። ወጉ እንዳይቀር የዘንድሮው ስም ጥሪ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በዚሁ ግሩፕ በድምፅ መልእክት እንደሚደረግ፣ መልስ በድምፅ ብቻ እንጂ በጽሑፍ እንደማይቀበል፣ አንዴ ያለፈውን ስም ተመልሶ እንደማይጠራ ነገረን። ከሥር አንድ መስመር ጨመረ፦ ለሚኒስትሪ ፈተና የሚመዘገቡት ስሞች ከዚሁ ስለሚወሰዱ፣ ተጠርቶ ያልመለሰ ትምህርት እንዳቋረጠ ይቆጠራል።

ዓርብ ለሀዊ ደወልኩ፣ የአጎቷ ስልክ ዝግ ነበር። ቅዳሜ እናቴ ግማሽ ቀን ሠርታ እንደገባች ስልኩን ተቀብያት ደግሜ ደወልኩ፤ ያው ዝግ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ እናቴ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተኝታ፣ እኔ ድምፁ እንዲሰማኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተቀመጥኩ።

የክፍላችን ስም በፊደል ተራ ነበር። ቁጥር አንድ ሀና ነበረች፤ «አለሁ» አለች፣ ከኋላዋ የእህቶቿ እልልታ ተሰማ። ቀጠለና «ቁጥር ሁለት፣ ሀዊ» አለ።

የመለሰ የለም። እኔ ቁጥሬ ሠላሳ ስድስት ስለነበር የምዘጋጅበት ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ለሀዊ ልመልስላት መቅጃውን ተጫንኩና አንድ ቃል ተናግሬ አጠፋሁት። ደግሜ ተጫንኩ፣ ደግሜ አጠፋሁት፤ ያ ሁሉ ልጅ፣ ያ ሁሉ ወላጅ በየቤቱ ስልክ ከቦ ይሰማል። «ሀዊ» አለ ቲቸር ታምሩ ሁለተኛ።

«ምን ታንሾካሹኪያለሽ?» አለችኝ እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ። ነገርኳት። የተኛች ሲመስለኝ፣ «አምስት ዓመት ሙሉ ስትመልስልሽ አልነበር?» አለች። «አንዴ መመለስ አቃተሽ?»

ብርድ ልብሱን ገፍፌ ተነሳሁና ፓምፑን ለማለፍ በምጮህበት ድምፄ «አለች ቲቸር» ብዬ ላክሁት።

መልሱ ቶሎ መጣ። «ይሄ የማን ድምፅ ነው? ጽዮን ነሽ? አንቺ ልጅ ድምፅ አለሽ እንዴ?» ግሩፑ በሳቅ ምልክት ተሞላ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ለወጥ አድርጎ ሀዊ የት እንዳለችና ለምን ራሷ እንደማትመልስ ጠየቀኝ። መቅጃውን ተጭኜ ስለ መልካሳው፣ ስለ ስልኩ፣ ዓርብ ዓርብ ስለማነብላት ማስታወሻ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስለማትጽፈው ብቻ አልተናገርኩም። በሕይወቴ ለዚያን ያህል ሰው ያን ያህል አውርቼ አላውቅም ነበር። ቲቸር ታምሩ «እሺ፤ ሰኞ ጠዋት ራሷ መጥታ ትፈርም። ካልመጣች ግን እኔም ላተርፋት አልችልም» አለና ወደ ቁጥር ሦስት አለፈ።

ሠላሳ ስድስት ሲደርስ «አለሁ» አልኩ። ስንት ዓመት የፈራሁት ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ። እልል ያለልኝ አልነበረም፤ እናቴ እንቅልፍ ወስዷታል።

እሑድ የእናቴ ብቸኛ የዕረፍት ቀን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልብስ አጥባ፣ ከዚያ እስኪመሽ መተኛት ነበር ልማዷ። የዚያን ቀን ግን ልብሱን በሳፋ ውስጥ እንደተነከረ ትታው፣ ያበጠ እግሯን ጫማ ውስጥ አስገብታ፣ «ተነሺ፣ መልካሳ ነው የምንሄደው» አለችኝ። ሚኒባሶች ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭኑ ታዘው ስለነበር መናኸሪያ ቆመን ብዙ ጠበቅን። እናቴ የምሰሶውን ጥግ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ሀዊን ያገኘናት ከአንድ ግራር ሥር፣ ከወገቧ በላይ በተከመረ ሽንኩርት መካከል ነው፤ ከእናቷ ጋር ቅጠሉንና ሥሩን እየቆረጡ ወደ ከረጢት ይጨምራሉ። አጎቷ ጋሽ ቶሎሳ «አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ» ብለው በክርናቸው ሰላም አሉን። እናቴ የመጣንበትን ስትነግራቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«እኅቴ፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ዝግ ቤት ሄዳ ምን ትፈርማለች?» አሉ። «ነገ መኪና ይመጣል፤ ይሄ ሁሉ ዛሬና ነገ አልቆ መጫን አለበት።» ክፉ ሰው አልነበሩም። እሳቸውም የደከማቸው ሰው ነበሩ፤ የእኅታቸው ቤተሰብ በአንድ ጊዜ በትከሻቸው ላይ ወድቋል። የሀዊ እናት ቀና አላለችም።

እናቴ አልተከራከረችም። አንድ ቢላዋ አነሳች፣ ባዶ ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠችና ሽንኩርት መቁረጥ ጀመረች። እጇ ከፋብሪካው የለመደው ፍጥነት ነበረው፤ ቀና ሳትል፣ ሳታወራ ከረጢት ትሞላለች። ጋሽ ቶሎሳ «ኧረ ተዪ፣ እንግዳ ነሽ» ቢሏት «ግድ የለም» ብቻ አለች። እኔም ሀዊ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሁላችንም ዓይናችን ያነባ ነበር፤ ሽንኩርቱ ነው ብለን ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሀዊ አንድ ጊዜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «በእውነት ጮህሽ?» አለችኝ። ጮህኩ አልኳት። «አላመንኩም፤ ምስክር አምጪ» አለችኝ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጋሽ ቶሎሳ ከረጢቶቹን እየዞሩ አዩ፣ ከዚያ እናቴን አዩ። «እንግዲህ የነገው ሥራ ዛሬ አለቀ» አሉ። «ትሂድ።» እናቴ ለፈተናውም ራሷ መጥታ እንደምትወስዳት ነገረቻቸውና ለመነሳት የእኔን እጅ ያዘች። በሚኒባሱ ውስጥ ጭንቅላቷ መስኮቱን እየመታ ተኝታ መጣች፤ ጣቶቿ በሽንኩርቱ ቅጠል አረንጓዴ ሆነው ነበር።

ሰኞ ጠዋት፣ ዘበኛው ውኃና ሳሙና ባስቀመጡበት በር ላይ፣ ቲቸር ታምሩ መዝገቡን ወንበር ላይ ዘርግቶ ጠበቀን። ሀዊ ፈረመች፤ እስክሪብቶውንም ሳትመልስ የሸሚዜን እጅጌ ጎትታ ስሟን ጻፈችበት፣ እኔም በእሷ ላይ ጻፍኩ። በዚያ ዓመት ሸሚዜ ላይ ያረፈው ስም እሱ ብቻ ነው። «ዕዳዬን ልክፈል» አለችና በተዘጋው ግቢ ፊት ለፊት፣ ጭር ባለው መንገድ ላይ እልልታዋን አቀለጠችው። ዘበኛው «ልጅት፣ ማንን ነው የምትድሪው?» አሏት።

ፈተናው ዘግይቶ በታኅሣሥ ብርድ ተሰጠ። እናቴ ቃሏን ጠበቀች፤ ሀዊ መጣች፣ ሁለታችንም አለፍን።

አሁን ከአዳማ ርቄ ዩኒቨርሲቲ ነኝ። እዚህ ስም የሚጠራ የለም፤ ወረቀት ይዞራል፣ እንፈርማለን፣ ጎበዞቹ ላልመጣ ጓደኛቸውም ይፈርማሉ። እኔ አሁንም ዝምተኛ ነኝ። ለብዙ ጊዜ ሀዊን ያስፈተናት የእኔ ድምፅ ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ መጥቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስሮጥ ከርሜ፣ እሑድ ከአልጋዬ መነሳት ሲያቅተኝ ነው የእናቴን የዚያን ቀን እሑድ ማሰብ የጀመርኩት።

ሀዊ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ነጥቧ አልበቃ ብሎ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገባች። ከእናቴ ጋር በአንድ ሰርቪስ ይመላለሳሉ። የእናቴ ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም፣ ከፋብሪካው በር እስከ ሰርቪሱ ያለው መንገድ ይረዝምባታል፤ ሾፌሩ ደግሞ አይጠብቅም። የሰርቪሱ አስተባባሪ ስም እየጠራ እናቴ ላይ ሲደርስ፣ ሀዊ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ በዚያ በቁርስ ቤት ድምፅዋ «አለች፣ እየመጣች ነው» ትላለች። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ በስልክ፣ ተጋድማ። እኔ ለሀዊ የመለስኩላት አንድ ቅዳሜ ነበር፤ እሷ ለእናቴ በየቀኑ ትመልስላታለች።