የጋሽ ሽፈራው የተዘጋ ጓዳ

ከጎባ በላይ፣ ወደ ሳነቴ በሚወጣው መንገድ ዳር ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩት መምህራችን ጋሽ ሽፈራው ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አርፈዋል። ሮቤ ላይ ያስተማሯችሁ፣ ጎባ ላይ ጎረቤት የነበራችሁ፣ ከጎሮም ከዲንሾም በስም የምታውቋቸው ሁሉ ይህን እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ሙት ወቃሽ አትሁኑ ይባላል። እኔ ግን መልካሙን ብቻ ጽፌ ብጨርስ፣ እሳቸው እኔን እንደዋሹኝ እናንተን መዋሸት ይሆንብኛል።

መምህር ነበሩ፤ ያውም ለጠመኔ የሚሳሱ። ጣታቸው መካከል እስክትጠፋ ይጽፉባታል። ልጅ ሲሳሳት አይገርፉም፤ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው «እስኪ የተሳሳትክበትን መንገድ አሳየኝ፤ አብረን እንመለስ» ይላሉ። አንድ ኅዳር የታመመች ተማሪ ጋቢያቸውን አልብሰው፣ እሳቸው እየተንቀጠቀጡ ሲያስተምሩ ዋሉ። ያቺ ተማሪ እኔ ነበርኩ።

ለእኛ ቤት ከመምህርም በላይ ነበሩ፤ የታናሽ ወንድሜ የደረጀ የክርስትና አባት ናቸው። እናታችን እሱን ስትወልድ አርፋለች። ደረጀ በአራት ዓመቱ፣ ገና አፉን ሳይፈታ፣ ቆላ አንገቱ ከተማ ወደምትኖረው አክስታችን ተላከና፣ ከወር በኋላ አባቴ «በንዳድ ሞተ» አለን። በዚያው ዓመት ጋሽ ሽፈራው ማስተማሩን ትተው ወደ ተራራው ወጡ። መስኮታቸውን በጣውላ መትተው ዘጉት። ከእድርም ወጡ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ጉም በወረደ ቀን ከቤቱ ኋላ፣ በአስታ ዛፎቹ መካከል ልጆች ይታያሉ ተባለ። አይጮኹም፣ ሲጠሯቸውም ዘወር አይሉም፤ እጃቸውን ብቻ ያወናጭፋሉ። «ሽፈራው የሞቱ ልጆችን መንፈስ ይስባል» ያለ ሰው ሞልቶ ነበር። እዚያ ጋ ሚኒባስ አላቆምም የሚል ሾፌርም አውቃለሁ።

እኔ ግን አልተውኳቸውም። አድጌ፣ እኔም አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ፣ በየወሩ የገብስ ጭኮ ቋጥሬ እወጣ ነበር። ግማሹን ቀምሰው ግማሹን ይከድኑታል፤ «ይሄ ለነገ ነው» ይላሉ። ከተዘጋው ጓዳ የጣውላው ወለል ሁለቴ ድም ድም ሲል እሰማለሁ። «በጎቹ ናቸው» ይሉኛል። አንድ ቀን ደፍሬ «ጋሼ፣ ልጆች አሉ ይባላልኮ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ከእሳቱ ሳያነሱ «ጉም ውስጥ ሰው የሚፈራውን ነው የሚያየው፣ ልጄ» አሉ። አመንኳቸው። ገበያ መሃል ስለ እሳቸው ስንቱን ተጣላሁ!

ሐሙስ ዕለት፣ እድር ስላልነበራቸው ድንኳን የሚተክል ጠፋ። ሸራቸውን ይዘው የወጡት ሃጂ ከድር ናቸው፤ ከስልጤ መጥተው ጎባ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሽማግሌ። ለጋሽ ሽፈራው ደብተርና ሳሙና የሚያደርሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሃጂ የጓዳውን በር አላንኳኩም። ወለሉን ሁለቴ በእግራቸው መቱ። በሩ ተከፈተና ሰባት ልጆች፣ ከኋላቸውም አንድ ጎልማሳ ወጡ። ሁሉም መስማት የተሳናቸው ናቸው። የሚጠራሩት ወለሉን በእግር መትተው በማንቀጥቀጥ፣ የሚነጋገሩት በእጃቸው ነው፤ ጋሽ ሽፈራው ይህን ቋንቋ ከማይሰሙት እናታቸው ተምረውት ኖሯል።

የጎልማሳው ግንባር ላይ ጠባሳ አየሁ። ጠባሳውን አውቀዋለሁ። ሕፃን ሳለ ከገብስ ክምር ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ።

«ሃጂ፣ ይሄ ማነው?»

«ያ አላህ! ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወንድምሽ ነዋ! ወላሂ የምታውቂ መስሎኝ። በየወሩ የምትመጪው እሱን ልታዪ አይደለም እንዴ?»

ተቀምጠው ሁሉንም ነገሩኝ። አባቴ «ዘራቸው ላይ ደንቆሮ አለ ከተባለ ይህችን ልጅ ማን ያገባታል?» ብሎ ደረጀን ለጋሽ ሽፈራው ሰጠ፤ እንዳይናገሩም አስማላቸው። የሌሎቹ ልጆች ወላጆችም እንዲሁ አደረጉ። እኔ ስታጭ የባለቤቴ ወገን ሽማግሌዎች ዘሬን ሊያጣሩ ወደ እሳቸው ነበር የወጡት። «ንጹሕ ቤት ነው፤ ምንም የለበትም» ብለው መሰከሩ። ስለዚያ ምስክርነት ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ደረጀ ያኔ ከጣውላው ማዶ ነበር።

ደረጀ ሁለት ጣቱን ጉንጩ ላይ አሳረፈ። የጉንጬ ስርጉድ ነው አሉኝ ሃጂ፤ በእነሱ ቋንቋ የእኔ ስም። በበሩ ስንጥቅ እያየኝ አድጓል። ጋሽ ሽፈራው ስም አውጥተውልኝ ስሜን እንኳ አልነገሩኝም።

ጋሼ፣ አባቴ ፈርቶ ነው እላለሁ። ነገር ግን እሱ ከሞተ ስንት ዓመት አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ የእርስዎን አፍ ምን ያዘው? ከተሳሳቱበት መንገድ አብሮ መመለስን ያስተማሩኝ እርስዎ አልነበሩም? ማንም ያልፈለጋቸውን ልጆች አሳድገዋል፤ ይህን ማንም አይወስድብዎትም። የእኔን ወንድም ግን ወስደውብኛል። ያ ጭኮ ለማን እንደሚከደን ቢነግሩኝ፣ ጨምሬ አመጣ ነበር።

ጣውላውን ከመስኮቱ ነቅለነዋል። ልጆቹን አንበትንም። ይቅርታዬን ግን ዛሬ አልሰጥዎትም፤ አልደረሰልኝም።

አፈር ከለበሱ በኋላ፣ ሰው ሲበተን፣ እንደ እርስዎ መሬቱን ሁለቴ በእግሬ መታሁ። አጠገቤ የቆመው ደረጀ ዞረ። እርስዎ አልዞሩም። ደህና ይረፉ፣ ጋሼ።