የመሐረቡ ጠርዝ

ባሌ ሰው ቤት ተጋብዘን ስንሄድ ገበታው ከተነሣ በኋላ የሚላት አንዲት ነገር አለችው። «እስቲ አቦ ፋኑን አጥፉልኝ!» በድሬዳዋ ሙቀት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሃያ ሰው በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ፋን አጥፉልኝ የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ደግሞ እንጀራው ፋን መጠገን ነው። የሰፈሩን ፋን ሁሉ ሲያስነሣ ይውልና የዘመዱን ያስጠፋል።

ፋኑ የሚጠፋው መሐረቡን እንዳያውለበልብበት ነው። ባሌ ራሱን ምትሐተኛ ብሎ ሾሟል። የሚያውቀው ምትሐት በጠቅላላው ሦስት ነው፦ ሳንቲም ከሰው ጆሮ ጀርባ ማውጣት፣ የተቆረጠ ገመድ መቀጠል፣ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ደግሞ የክብሪቱ። አንዲት የክብሪት እንጨት መሐረብ መሃል ያስቀምጥና ያጣጥፈዋል። ከእንግዶቹ አንዱን ይመርጥና «ዳስሰው፣ አለ አይደል? ስበረው!» ይለዋል። እንጨቷ ቀጭ ስትል ሁሉም ይሰማል። መሐረቡ ሲዘረጋ ግን ክብሪቷ ደኅና ሆና ዱብ ትላለች።

ምስጢሩን አውቀዋለሁ፣ የምሰፋው እኔ ነኛ! ታይዋን ገበያ አንድ የስፌት መኪና ይዤ የተሸጠ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ቀሚስ አጠብባለሁ። የመሐረቡ ጠርዝ ውስጥ ሌላ ክብሪት ተሰፍቶበታል፤ እንግዳው የሚሰብረው ያንን ነው። ስለዚህ ከየግብዣው በኋላ ጠርዙን ተርትሬ፣ ስብርባሪውን አራግፌ፣ አዲስ ክብሪት ከትቼ መልሼ እሰፋለሁ። ደንበኛ ሱሪውን ይዞ ቆሞ እኔ ክብሪት እሰፋለሁ። ያገባሁት በፈቃዴ ስለሆነ የምከሰው ሰው የለኝም።

ሰው ሁሉ ከፊት ለፊት ወንበር ላይ በሚቀመጥበት አገር ይኼ ነገር ያስኬድ ይሆናል። እኛ ጋ ግን የሚቀመጡት መጅሊስ ላይ ነው፤ ፍራሹና ትራሱ አራቱንም ግድግዳ ተከትሎ ይዞራል። መሃል ለቆመ ሰው ጀርባ የሚባል ነገር የለውም። ከፊት ያሉት ያላዩትን ከኋላ ያሉት ያዩታል፤ እነሱም ካላዩት ዝቅ ብሎ የተጋደመው ከሥር ያየዋል። የድሬ ሰው ደግሞ አይቶ ዝም ማለት አልፈጠረበትም።

በተለይ ታላቅ እህቱ። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ትራሷን ተደግፋ ትቀመጥና ገና እጁን ሲያነሣ ትጀምራለች።

«ወሪያ! ሳንቲሙ ግራ እጅህ ውስጥ ነው! አየሁህ!»

«እህቴ፣ አቦ አታበላሺብኝ!»

«ምኑን ነው የማበላሸው? ወላሂ አየሁት ነው የምልህ!»

ከዚያ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በኦሮምኛ ይዳኛል፣ ሌላው በሶማልኛ ይግባኝ ይላል፣ አማርኛው መሃል ገብቶ ይገላግላል። ባሌ ላቡን ጠርጎ «እንደገና ላሳያችሁ» ይላል። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ። እኔ ጥግ ላይ በሻርፔ ጫፍ እያራገብኩ፣ ይኼ ሰውዬ አንድ ቀን በቃኝ እንዲል እጸልያለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጸለይኩ።

የሚጸልዩትን መጠንቀቅ ነው። አምና ደም ግፊቱ ተነሣና ቀኝ እጁን ያዘው። አላህ ይመስገን ተረፈ፤ ይሄዳል፣ ያወራል፣ ይነዘንዛል። ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው አልታዘዝ አሉት። ትንንሿ ብሎን ከእጁ ስታመልጥ «ዘይት ነክቷት ነው» ይላል። ካቻቢቴው ሲወድቅ «እጀታው ተልጦ ነው» ይላል። እኔም እሺ እላለሁ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሽተኛ ተብሎ እንዳይታዘንለት፣ እንደ ጥንቱ ከሰው እኩል እንዲቆጠር።

ለዓረፋ እህቱ ሳቢያን ሰፈር ቤቷ ጠራችን። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያ ግብዣችን ነው። ተበላ፣ እጅ ታጠበ፣ ባሌ ከኪሱ መሐረቡን እያወጣ ተነሣ። ገና አፉን ሳይከፍት እህቱ ራሷ ብድግ ብላ ፋኑን አጠፋችው። አንድ ሰው እንኳ ሙቀት ገደለን አላለም። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

ክብሪቷን አስቀመጠ፣ አጣጠፈ። ቀኝ እጁ ጠርዙን ይፈልጋል። ይፈልጋል። አልፎት ይሄዳል፣ ይመለሳል። የሃያ ሰው ዓይን እጁ ላይ ተተክሏል፣ አንድ ትንፍሽ የሚል ግን የለም። በመጨረሻ ያገኘ መሰለውና ከዋሂል ለመጣው ለእህቱ አማች «ስበረው» ብሎ ሰጠው። ቀጭ አለ። መሐረቡን ዘረጋው። ክብሪቷ ለሁለት ተሰብራ ምንጣፉ ላይ ወደቀች።

«ማሻአላህ!» አለች እህቱ። «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» አጨበጨበች። ቤቱ በሙሉ ተከትሏት አጨበጨበ። ለተሰበረ ክብሪት! እኔም አጨበጨብኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እኔም። ባሌ ሁለቱን ስባሪዎች አየና መሐረቡን ኪሱ ከትቶ ተቀመጠ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

«አየችኝ እኮ። አይታ ዝም አለችኝ።»

«ብትጮህብህ ይሻልህ ነበር?»

«አዎ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ምትሐት ቀረ። የለመንኩት ሰላም መጣልኝ፤ በየሄድንበት ፋኑ ይሽከረከራል፣ እኔ ተዝናንቼ እቀመጣለሁ። ባሌ ግን ግድግዳውን ይዞ ቁጭ ነው። ሰው ሁሉ እንቅልፋም ሕፃን እንደሚያባብል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተሻለህ? አይዞህ» ይለዋል። በነሱም ተናደድኩ፣ በሱም። በራሴ የተናደድኩትን አልናገረውም።

አንድ ዓርብ እህቱን ከነቤተሰቧ ምሳ ጠራኋቸው። ጠዋት መሐረቡን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ ክብሪት ከትቼ ሰፋሁት። ምሳው እንዳለቀ ጭኑ ላይ ጣልኩለት።

«ተነሥ።»

«ተዪኝ አንቺ ሴትዮ።»

«አልተውህም። ፋኑን አጥፉለት!»

በሰው ፊት ከኔ ጋር ላለመጨቃጨቅ ሲል ተነሣ። ተናዷል። አስቀመጠ፣ አጣጠፈ፣ ቀኝ እጁ ጠርዙን መፈለግ ጀመረ። አሁንም ያልፈዋል፣ ይመለሳል። ቤቱ ጭጭ አለ። ቀና ስል እህቱ መዳፎቿን ስታቀራርብ አየኋት። ማሻአላሁ አፏ ላይ ደርሷል።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«ጠርዙ ውስጥ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ቀኝ ጥጉ ላይ! እኔ ነኝ የሰፋሁት! አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ክብሪት ስሰፋ ዓይኔ ጠፋ!»

ባሌ ዞሮ ጮኸብኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከታመመ ወዲህ ሰምቼበት አላውቅም።

«ጉድ ሠራሽኝ! ቤቴን አፈረስሽው እኮ!»

«ምን አዲስ ነገር ነገረችን?» አለች እህቱ ከትራሷ ተነሥታ። «እኔ ድሮም አውቃለሁ! ታሟልና እንዳትናገሪው ብለው አፌን የለጎሙኝ እነዚህ ናቸው!» ልጆቿን በጣቷ ወጋቻቸው። «ገመዱንም አውቃለሁ! ሁለት ነው፤ አንዱን እጅጌህ ውስጥ ነው የምትከተው!»

«ውሸት ነው!»

«ወላሂ አይቻለሁ! ለዓረፋም ለሁለት ነው የተሰበረብህ! ተበልተሃል!»

«ተበልቻለሁ እንዴ? ታዲያ ለምን አጨበጨብሽ?»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላውቅም። በሦስት ቋንቋ ጩኸት ሆነ። ከዋሂል የመጣው አማች ዳኛ ሊሆን ሞክሮ ከሁለቱም ወገን ተሰደበ። ባሌ መሃል ቆሞ፣ ጅማቱ ተገትሮ፣ አራቱንም ግድግዳ ተራ በተራ ይከራከራል። ፋኑን የሚያስታውሰው ጠፍቶ ሁላችንም በላብ ተነከርን።

በማግሥቱ ታይዋን መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ መጣ። ሰላም እንኳ ሳይለኝ መሐረቡን የሰው ሱሪ ላይ ጣለው።

«ሁሉም ሰምቶት የለ እንዴ? አሁን ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ድሮም ያውቁታል።» መሐረቡን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ጠርዙን ግን ወፈር አድርጊልኝ። ጣቴ አያገኘውም።»

ከታመመ ጀምሮ ዘይቱን ሳይከስ፣ እጀታውን ሳይከስ፣ «ጣቴ» ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ባለ ሱሪው ደንበኛ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ቆይ አልኩትና ክብሪት ፍለጋ መሳቢያዬን ከፈትኩ።