በውሃ ላይ እርፍ ሲያዝ

ባለፈው ሳምንት መካነ ኢየሱስ ገበያ መውጫ ላይ፣ ዝናብ ሳይታሰብ ወርዶ የቆዳ ነጋዴውን ክምር ሲያረሰርሰው፣ እርጥብ የፍየል ቆዳ ሸተተኝ። ከጤና ጣቢያ አብራኝ የወጣችው ባልደረባዬ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና ስትሮጥ እኔ ዝናቡ ውስጥ ተገትሬ እንደ ሽቶ ሳብኩት፤ ልቤም እንደ ልጅነቴ ይዘል ጀመር። "ምን ሆነሻል?" ብላ ጮኸችብኝ። ይህ የታንኳ ሽታ ነው ብላት ማን ያምነኛል?

በታች ጋይንት ቆላ፣ በበሽሎ ወንዝ ዳር፣ እኛ ታንኳ የምንለውን ነገር የጣና ሰው ቢያየው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ስምንት የፍየል ስልቻ በትንፋሽ ይነፋል፣ አፉ በጠፍር ይታሰራል፣ በላዩ የእንጨት ርብራብ ይጠፈርበታል፣ በቃ። ባለቤቱ አያ ሞገስ፣ ስልቻ ከመንፋት ብዛት ጉንጫቸው የላላ፣ ዕድሜያቸውን ሰው ሲያሻግሩ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታችን ከወንዙ በላይ ዳገቱ ላይ ስለነበር፣ እንጨት ለቀማ ብዬ እወርድና ርብራቡ ላይ ከፊት ተቀምጬ ደርሶ መልስ እሻገራለሁ፤ ስልቻዎቹ ከሥሬ ሲንቀጠቀጡ፣ ውሃው እግሬን ሲልሰኝ፣ የሚሰማኝ ደስታ ዛሬም አውቶቡስ ቁልቁለት ሲወርድ ይነሳብኛል። አያ ሞገስ ሲቀዝፉ ከውሃው የሚወጡበትን መውጫ አያዩም። በየዳሩ፣ ከመውጫው በጣም ከፍ ብሎ፣ ምልክት ያደረጉት ድንጋይ አለ፤ ዓይናቸውን እሱ ላይ ተክለው ሽቅብ ይታገላሉ፣ ወንዙም ቁልቁል እየገፋ ልክ መውጫው ላይ ያደርሳቸዋል። "ወንዝ ድርሻውን መውሰዱ አይቀርም ልጄ፤ አስቀድመሽ ቆርሰሽ ስጭው" ይሉኝ ነበር።

አባቴ ግን አራሽ ነበሩ። ፈር ቀጥ በማድረግ በአካባቢው የሚስተካከላቸው አልነበረም። የመጀመሪያውን ፈር ሲያወጡ ከማሳው ማዶ አንድ ቁጥቋጦ ይመርጡና ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይነዳሉ፤ ፈሩ እንደ ተወጠረ ገመድ ይወጣል። ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሳይቀር የሰው ማሳ ዳር ቆመው የተጣመመ ፈር ሲተቹ፣ እናቴ "ኧረ ዛሬ እንኳ ማሳው ይረፍበት!" እያለች ትጎትታቸው ነበር።

ታላቅ እህቴ ዘነቡ የተዳረችው ከወንዙ ማዶ ነው። በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ስለሆነ፣ ወንዙ ሳይሞላ ልናመጣት ቀጠሮ ይዘን ነበር። የዚያን ዓመት ግን ክረምቱ ቸኮለ። እኔና አባቴ በሰኔ አጋማሽ ስንወርድ በሽሎ ደፍርሶ እየጋለበ ነው፤ አያ ሞገስ ደግሞ ወባ ጥሏቸው ዛፍ ሥር በጋቢ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። ማዶ ዘነቡ ከባሏ ጋር ቆማለች፤ ሆዷ ከሩቅ ይታያል።

"ነገ ይሻለኝ ይሆናል" አሉ አያ ሞገስ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

"ነገማ ውሃው ይብሳል፤ እናቷም እንደ ጓጓች ትቀራለች። እርስዎ ይተኙ፣ እኔ እቀዝፋለሁ" አሉ አባቴ።

"እንግዲያው ድንጋዩን እይ! ልጅህን እንዳታይ!"

አባቴ ያዩት ልጃቸውን ነው። እንደ ማሳው ቁጥቋጦ ዓይናቸውን ዘነቡ ላይ ተክለው ቀዘፉ፣ ቀዘፉ፤ ውሃውም እያሳሳቀ ወስዶ፣ ከእሷ በብዙ ዝቅ ብሎ እሾህ ውስጥ ወሸቀን። እኔ በሳቅ ልሞት ደረስኩ። አባቴ አልሳቁም፤ ታንኳውን ከዘነቡ ባል ጋር ዳር ዳሩን ሽቅብ ሲጎትቱ ወደ እኛ ዳርቻ አሻግረው እያዩ ነበር። እኔም አይቼ ሳቄ ጠፋ። በእኛ በኩል ከመውጫው በታች እሾህም ዳርቻም የለም፤ ገደል ብቻ ነው፤ ውሃው በሁለት አለት መካከል እየጮኸ ይገባል። አሁን እንደ መጣነው ብንንሸራተት ዘነቡም፣ የሆዷም ልጅ፣ እኛም አለቅን።

ታንኳው ከሦስት ሰው በላይ ስለማይችል ባሏ ገፍቶን ቀረ። ዘነቡ መሐል ተቀምጣ ርብራቡን ጨብጣ "እመቤቴ ማርያም፣ እመቤቴ ማርያም" ትላለች። እኔ ከፊት ሆኜ "ድንጋዩን ይዩ አባዬ!" እላለሁ። ያዩታል፤ ሁለት ጊዜ እንደ ቀዘፉ ዓይናቸው ተመልሶ አያ ሞገስ ጋቢያቸውን እያውለበለቡ የቆሙበት መውጫ ላይ ያርፋል። "ድንጋዩን!" እንደገና ያያሉ፣ እንደገና ይመለሳሉ። ለአርባ ዓመት የሠለጠነ ዓይን በአንድ ቀን አይታዘዝም። የአለቱ ጩኸት እየቀረበ መጣ።

ያን ጊዜ ምሳ የማደርስላቸው የዳገቱ ማሳ ትዝ አለኝ። እዚያ አግድም ሲያርሱ ሞፈሩ ቁልቁል ስለሚንሸራተት እርፉን በትከሻቸው ጭምር ሽቅብ አዘንብለው ነበር የሚይዙት። እኔም ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣

"ተዳፋት ነው! ተዳፋት እያረስክ ነው! እርፉን ወደ ላይ ያዝ!" ብዬ ጮህኩ።

ትከሻቸው ሲዞር አየሁት። መቅዘፊያውን እንደ እርፍ ጨብጠው፣ ታንኳውን ሽቅብ አዙረው፣ ወንዙን በበሬያቸው ስም ይጠሩት ጀመር። "በል ቦራ! ሽቅብ ቦራ! አትዘንበልብኝ!" ዘነቡ ማርያምን ትታ "በል ቦራ!" አለች፤ እኔም "በል ቦራ!" አልኩ፤ ሦስታችንም ደፍራሹን በሽሎ እየነዳን፣ እየጮህን፣ መውጫው ላይ ግጭ አልን። አያ ሞገስ ወባቸውን ረስተው ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው ርብራቡን ያዙልን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ የዚያን ቀኑን የሚያህል ግን የለም።

ዘነቡ እየሳቀች ስታለቅስ፣ አባቴ መቅዘፊያውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ፣ ማንን ነው አንተ ያልሽው?"

በእኛ ቤት አባት አንቱ ነው የሚባለው። ውሃው ላይ ያልፈራሁት ልጅ ያን ጊዜ ከዘነቡ ኋላ ተደበቅሁ። እሳቸው ግን አፈር ላይ ዘርፈጥ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ በኋላ በየድግሱ "በሽሎን ልጄ አንተ ብላ አሻገረችኝ" እያሉ ሲያወሩ ቆዩ፤ ሲያወሩትም ውሃው በየዓመቱ ይሰፋ ነበር።

ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ተወለደ፤ ተሻገር ተባለ። እኔም ትምህርቴን ይዤ ወጣሁ። ዛሬ ለእርጉዝ እናቶች ምክር ስሰጥ፣ ነገሬ አልገባ ሲላቸው ድምፄን ከፍ ማድረግ ትቼ እጃቸው የሚያውቀውን ሥራ እጠይቃለሁ፤ በዚያ በኩል እገባለሁ። የምፈልገውንም ነገር ከፍ አድርጌ ነው የማልመው፤ ወንዙ ድርሻውን እንደሚወስድ አውቃለሁና።

አሁን ከመሻገሪያው ከፍ ብሎ ድልድይ አለ። አያ ሞገስ አርፈዋል፤ ስልቻ የሚነፋ ጉንጭ በአገሩ አልቀረም። ተሻገር የጭነት መኪና ሹፌር ሆኗል፤ በክረምት ስንደዋወል "ወንዙ ሞልቷል ወይ?" ብዬ ብጠይቀው "ኧረ አክስቴ፣ አላየሁትም" ይለኛል። ለእሱ ደስ ይለኛል፤ ለዚህ ነበር የጮህነው። አባቴም አምና አረፉ። በመጨረሻው ቀን አልጋቸው ሥር ተቀምጬ፣ ዓይናቸው ሩቅ ቦታ ተተክሎ ሲንሸራተቱብኝ፣ "አንተ" ብዬ ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ። ቤቱ ሙሉ ካህንና ሽማግሌ ነበር፤ አፈርኩና "አባዬ፣ ይስሙኝ" አልኩ። አልሰሙኝም።