በመውጫው በር የቆመው ሰው

ሰውዬው የሲኒማ ቤቱን መውጫ በር አልለቅም አለ። በዒድ ሰሞን፣ የካይሮ ቤተሰብ ሁሉ ልጆቹን አስከትሎ አዲሱን አስቂኝ የማሳደድ ፊልም ለማየት በሚጎርፍበት በዚያ ሙቀት፣ እርሱ እስከ አንገቱ የተቆለፈ የሱፍ ካፖርት ለብሶ ቆሟል። በር ጠባቂው ዋጊህ ገና ሲያየው ጠረጠረው። የዒድን ፊልም በስልክ ቀርጸው የሚቸበችቡ ሌቦች እንዲህ ያለ ሰፊ ልብስ ይወዳሉ፤ ፊልሙ ከዚህ አዳራሽ ሾልኮ ቢወጣ ደግሞ ከሥራው የሚባረረው ዋጊህ ነው።

ሰውዬው የሚወጣውን ሁሉ እያስቆመ ይጠይቃል።

«ሴትዮዋ ከአህያው ጋሪ ላይ ስትወረወር ምን አደረጋችሁ?»

«ሳቅን እንጂ!» አለች አንዲት እናት፣ የዱባ ፍሬ ቅርፊት ከቀሚሷ ላይ እያራገፈች። «ባሌማ ትን ብሎት ሊሞትብኝ ነበር!»

«መጨረሻው ግን ተንዛዛ» አለ ባልየው። «እርሷ የወደቀችበትን ደግመው ቢያሳዩን ይሻል ነበር።»

ሰውዬው ፈገግ እንኳ ሳይል አመስግኖ ወደሚቀጥለው ዞረ። ዋጊህ ከዚህ በላይ አልታገሠም።

«ሐጂ፣ ካፖርትዎን ይክፈቱልኝ! የሰው ጉሮሮ አይዝጉ!»

ሰውዬው ቁልፎቹን ቀስ ብሎ ፈታ። ከውስጥ የነበረው አንገትጌው ያለቀ፣ ሆኖም በጥንቃቄ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ብቻ ነው።

«እሺ፣ ምንም የለም። እንግዲህ በሩን ይልቀቁ።»

«አልለቅም፣ ልጄ። የተዋናይቷን ቀሚስ ለብሳ በእርሷ ፈንታ የወደቀችው ሚስቴ ናት፤ እስከ ዛሬ ከአልጋ አልተነሣችም። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው ‹ተጎድታ ይሆን?› ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ እዚሁ እቆማለሁ።»