ሙሽራውን ዳይስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ እሳቸው ፊት ጾም ስለ መሻሬና ሰው ስለ ማማቴ ብዙ አውርቻለሁ፣ ይህቺን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ለአንተ የምነግርህ ስለማታውቀኝ ነው። ደረጀን ዳይስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እጁን ይዤ ካዚኖ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እንዲዝናና ብዬ አይደለም። እንዲጠፋ ብዬ ነው።

ደረጀ ሲያትል ስገባ ዴ ሞይን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል አብሬው የኖርኩ ጓደኛዬ ነው። ሁለታችንም በዲቪ የመጣን፣ ሁለታችንም እናታችንን ትተን የመጣን። እሱ ሆስፒታል ሥራ አገኘ። እኔ ከኤርፖርቱ በስተደቡብ ባለ አንድ ካዚኖ ዲለር፣ ማለትም ቁማር አጫዋች፣ ሆኜ ቆየሁ፤ ኋላ ትቼው መኪና ማከራየት ገባሁ። ሰናይት የምትባል ልጅ ሲያገባ ሚዜው ነበርኩ።

በሠርጉ ቀን ጨፈርኩ። እንደኔ የጨፈረ አልነበረም፤ ሸሚዜ በላብ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ነበር። ትልልቅ ሴቶች አንገቴን አቅፈው አልለቅ ይሉኛል፣ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። የደስታ መሰለኝ። እንዴት አልጠረጠርኩም? ሠርግ ላይ ሚዜውን አቅፎ የሚያለቅስ ሰው የት አለ?

በማግስቱ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ታምሩ፣ ሁላችንንም የሚሸመግሉት አዛውንት፣ ነጠላ አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው ደረጃው ላይ ሰው ሞልቷል። ከጎናቸው ሙሽራው ራሱ አለ። እናቴ ሞታለች። የሞተችው ደግሞ ከሠርጉ በፊት ነው። መርዶ በስልክ አይነገርምና አገር ቤት ያለችው እህቴ ደውላ የነገረችው ለደረጀ ነበር፤ ሰው ሰብስቦ እንዲያረዳኝ። እሱ ግን ሠርጉ ይለፍ ብሎ አዳራሹን ሙሉ አፉን አስያዘው። እኔ ትከሻዬን ስሰብቅ እናቴ አፈር ውስጥ ነበረች፣ ያን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ደግሞ ቆሞ ያጨበጭብልኝ ነበር።

አርባዋ ሲወጣ ጋሽ ታምሩ አስታረቁን። ደረጀ አንገቱን ደፍቶ፣ “ሶ፣ ያኔውኑ ትኬት ቡክ ብታደርግ እንኳ ቀብሩ ላይ አትደርስም ነበር። አንድ ቀን ደስ ይበለው ብዬ ነው” አለ። ጋሽ ታምሩም፣ “ልጄ፣ ለአንተው ብሎ ነው። ለኔ ሽበት ስትል ተወው” አሉኝ። ይቅር ብያለሁ አልኩ። ተነስቼ ጉንጩን ሳምኩት። ተመረቅን። አንዲት ቃል እውነት አልነበረባትም። ሰው ይቅር ከተባለ በኋላ እንደማይጠነቀቅ የገባኝ ጉንጩን ስስም ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደባደባል፣ ወይም ይርቃል። እኔ ቀረብኩት። በደንብ የማውቀው ነገር ዳይስ ስለነበረ ዳይስ አስተማርኩት። በእረፍት ቀናችን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ ከበላን በኋላ ወስጄ ክራፕስ የሚባለው ጨዋታ ጠረጴዛ ጋ አቆምኩት። “ሁለቱን ዳይስ ትወረውራለህ” አልኩት። “መጀመሪያ ሰባት ወይም አሥራ አንድ ከወጣ በላህ። ሁለት፣ ሦስት ወይም አሥራ ሁለት ከወጣ ተበላህ። ሌላ ቁጥር ከወጣ ያ ያንተ ቁጥር ነው፤ እሱን እስክትደግመው ትወረውራለህ። ሰባት ከቀደመህ አለቀልህ።” የሰባትን ስም ጠረጴዛው ዙሪያ መጥራት ነውር እንደሆነም ነገርኩት። ደስ አለው፤ እንደ ልጅ ሳቀ።

መምህርነቴን ልንገርህ። መጀመሪያ ፓስ ላይን በሚሉት መስመር ላይ ብቻ አስያዝኩት። እዚያ ካዚኖው የሚበልጥህ በትንሹ ስለሆነ ሰው ቶሎ አይራቆትም፤ እየበላ ይለምዳል። ከለመደ በኋላ ወደ ጠረጴዛው መሀል መራሁት፤ ብዙ የሚያስገኙ የሚመስሉት፣ ዲለር ሳለሁ ሰውን ባዶ እጁን ሲያስቀሩ ያየኋቸው ውርርዶች ያሉት እዚያ ነው። ጥሩ ተማሪ ነበር። ያላስተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጠርዙ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አለች፤ እሷ ላይ የሚያስይዝ ሰው የሚወረውረው ሰው እንዲሸነፍ ነው የሚያስይዘው። እሱ ሲወረውር እኔ እዚያ አስይዝ ነበር። አንድ ቀን፣ “ያቺ ደግሞ ምንድን ናት?” ሲለኝ፣ “የፈሪ ቦታ ናት” አልኩት። ከዚያ ወዲያ ፈሪው እያለ ይቀልድብኛል። እኔም አብሬው እስቃለሁ፤ በልቤ ግን ሰባት፣ ሰባት እላለሁ።

ብቻውን መሄድ ጀመረ። ሾርላይን ከተከራዩት ቤት ሰናይት አዲስ የወለደችውን ሕፃን ታቅፋ ትደውልልኝ ነበር። “እባክህ ምከረው፤ አንተን ይሰማል” ትለኛለች። እሺ እመክረዋለሁ እላታለሁ። እሺ ባልኩበት ቀን ወስጄው አውቃለሁ። ከዚያ አገር ቤት እናቱ ታመሙ። ሊያያቸው ትኬት መቁረጫ አጠራቅሞ ነበር፤ ያ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እንደገና አጠራቀመ፣ እንደገና ቀረ። “ለእማዬ ሳልደርስ እንዳልቀር” እያለ ፊቴ ያለቅሳል። እኔ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። ውስጤ ሞቀኝ። አንተም ቅመሳት አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሰናይት ደወለች። የደረጀ እናት አርፈዋል። “ስልኩን አያነሳም፤ ያው እዚያ ነው። ፒክ አድርገህ ቤት አምጣልኝ” አለች። “ጋሽ ታምሩ ነገ ማለዳ ሰው ይዘው ይመጣሉ። እስከዚያ እንዳትነግረው።”

እንዳትነግረው አለችኝ። ወጉ ራሱ ከለላ ሆነልኝ። ግን ቤት አምጣው ነበር ያለችኝ። አመጣሁት? ሄጄ ጎኑ ቆምኩ። ተራው ደርሶ ዳይሱን ሊወረውር ነበር። “መጣህ ፈሪው” አለኝ። ገንዘቤን አወጣሁና ቀጭኗ መስመር ላይ አስያዝኩ። እናቱ መሞታቸውን እያወቅኩ፣ እንዲሸነፍ አስያዝኩበት።

አልተበላም። ቁጥሩን ደገመው። እንደገና ወረወረ፣ እንደገና ደገመው። የማያውቁት ሰዎች ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፣ እሱ ይጨፍራል፤ ልክ እኔ የጨፈርኩትን ጭፈራ፣ ትከሻውን እየሰበቀ። የእኔ ሰባት አልመጣም። ያስያዝኩት ሁሉ ሲጠረግ ቆሜ አየሁ። በመጨረሻ አንገቴን አቀፈኝና፣ “ትኬቷ ወጣች። ነገ ቡክ አደርጋለሁ። እማዬን ላያት ነው” አለኝ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ሾርላይን እስክንደርስ መኪናው ውስጥ ሲዘፍን ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ሰዎቹ መጡ። እኔ ከፊት ቆምኩ፤ እሱ ያኔ በሬ ላይ የቆመበት ቦታ። ካለቀሰ፣ ከወደቀ፣ ካነሱት በኋላ ቀና ብሎ አየኝ። “ትናንት አውቀህ ነበር?” አለኝ። አዎ አልኩት። ይህቺን አዎ ለመናገር ስንት ጊዜ ጠብቄያለሁ። ፊቱ ሲለወጥ ለማየት ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩ።

መጥቶ ትከሻዬ ላይ ተደፋ። “ወንድሜ፣ ደግ አደረግክ” አለኝ። “አንድ ቀን ደስ አሰኘኸኝ። እኔም ያኔ እንደዚህ ብዬ እኮ ነው። አሁን ገባህ አይደል?”

አዘንኩ ብልህ ውሸት ነው። ተናደድኩ። በቀሌን ቀማኝ። አቅፌው ቆሜ፣ ጋሽ ታምሩ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ሲያዩን፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ሰናይት ልጇን ይዛ ማውንት ቤከር ሰፈር እህቷ ጋ ገብታለች። እሱ ከጨዋታው አልወጣም። ያኔ የእናቴን ሞት የደበቀኝ በእውነት ወዶኝ ይሆን? ወይስ ሠርጉ እንዳይበላሽበት? ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን ጠልቼው እንዳደረግኩት አውቃለሁ። ቂሙ ዛሬም ከሆዴ አልወጣም።

ይቅር በለኝ አልልህም። ያቺ ቃል እንዴት ቀላል እንደሆነች ጉንጩን ስሜ ብያታለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ደረጀ ይደውላል። “ወንድሜ፣ ፒክ ታደርገኛለህ?” ይለኛል። እስካሁን እምቢ ብዬው አላውቅም።