ከስኳር ሰልፉ ፊት ለፊት የተለጠፈችው ጅብ

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ይህን ዛሬ እንዲህ በቀላሉ እጽፈዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ «ትነግዳለች» ነበር የምለው። ውሸት አይደለም። የሠራቻቸውን ጀበናዎችና ድስቶች ተሸክማ አዲሱ ገበያ ትሄዳለች፣ ሸጣ ትመለሳለች፤ ይህ ንግድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ቀጨኔ ውስጥ ለሚያውቀን ሰው ግን መልሴም አያስፈልገውም ነበር። በራችን ላይ ለፀሐይ የተሰጣው ገና በእሳት ያልተተኮሰ ሸክላ ከእኔ ቀድሞ ይናገራል።

የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። ያኔ ሸክላ የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው ይባል ነበር፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል፣ ሕፃን ካየ ሕፃኑ ይታመማል። አብዮቱ ሲመጣ ይህን ስድብ ከለከለ። ሰውን በሙያው የሰደበ በቀበሌ ይጠየቃል ተባለና ቃሉ ከአደባባይ ጠፋ። እናቴ ደርግን ስታመሰግን ሰምቻት አላውቅም፤ ለዚህ ብቻ ግን «እሷን እንኳ አድርገዋል» ትል ነበር። ቃሉ ከአፍ ይውጣ እንጂ ከሆድ መውጣቱን ማንም ገብቶ አላየም።

ከአጥራችን ወዲያ ሹራብ ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤት ነበረችን። ባሏ ዘምቶ ከትንሽ ልጇ ጋር ብቻዋን ቀርታለች። ልጅቷ አራት ዓመት ቢሞላት ነው። ጠዋት ጠዋት እናትየዋ ወደ ሥራ ስትሮጥ ልጅቷን በአጥሩ ቀዳዳ ታሾልክልንና «እትዬ፣ አደራ!» ብላ ትሄዳለች። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ እናቴ ሥር ቁጭ ብላ በጭቃ ትጫወታለች፤ እኛ ቤት ትበላለች፤ ሲደክማት እናቴ ጭን ላይ ትተኛለች። ከሸክላ ሠሪ ዓይን ልጅ በሚሸሸግበት ሰፈር አንዲት እናት ልጇን በገዛ እጇ አምጥታ መስጠቷ ቀላል ነገር አልነበረም። እናቴ በዕድሜዋ ካገኘችው ክብር ሁሉ የሚበልጥባት ይህ ነበር። አንድም ቀን አልተናገረችውም፤ ልጅቷ በቀዳዳው ብቅ ስትል የእናቴን ፊት አይቼ ነው ያወቅሁት።

እኔ የቀበሌያችን ሱቅ ውስጥ ስኳር መዛኝ ነበርኩ። ስኳር በሚታደልበት ቀን ሰልፉ ከመስኮቴ ተነሥቶ ግቢውን ሞልቶ እስከ ውጭው በር ይደርሳል። ከሰልፉ ፊት ለፊት የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ አለ፤ እዚያ ላይ የግድግዳ ጋዜጣ ይለጠፋል። ለረጅም ጊዜ መፈክርና የስብሰባ ጥሪ ብቻ ነበርና ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም።

በኋላ ግን ከወጣት ማኅበሩ አንድ ሥዕል የሚችል መምህር ተነሣ። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ጣቶቹ ሁልጊዜ ቀለም የነካቸው ሰው ነበር። ለምኖ፣ ተከራክሮ፣ በየጊዜው አንድ ገጽ ካርቱን እንዲለጥፍ አስፈቀደ። አራት ሳጥን፣ በየሳጥኑ ሥዕል፣ ከሰዎቹ አፍ የሚወጣ ጽሑፍ። መጀመሪያ የመጣው ጨው አልጋው ሥር ደብቆ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስነጥሰው የሚያድር ነጋዴ ነበር። ቀጥሎ ለዶሮዎች ክታብ የሚሸጥ ደብተራ መጣ። ሰልፉ ሳቀ! በዚያ ዘመን ተሰልፎ የሚስቅ ሰው ማየት ብርቅ ነውና እኔም ሚዛኔን ትቼ በመስኮቱ አንገቴን አስግጌ እስቅ ነበር።

እናቴ በደብተራው ተቀይማለች። «የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዲህ ይደረጋል?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ቀልድ እኮ ነው። መቀለድ ደግሞ መብት ነው» አልኳት።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላሉ። እኔ ደግሞ እንጨቱን መብት ብዬ ስም አወጣሁለት።

ከዚያ ጅቧ መጣች። በመጀመሪያው ሳጥን ነጠላዋን ያጣፋች ሸክላ ሠሪ ጀበና ትሠራለች። በሁለተኛው ያቺው ሴት ሌሊት ጅብ ሆና፣ ያው ነጠላ ላይዋ ላይ እንዳለ፣ ከነጠላው ሥር ጅራት ወጥቶ ሕፃን በመስኮት ታያለች። በሦስተኛው አንዲት እናት የታመመ ልጇን አዝላ ወደ ደብተራ ትሮጣለች፤ በምታልፍበት መንገድ ዳር አንድ ወፍራም ሰውዬ ወንበር ላይ አንቀላፍቷል። በአራተኛው አንዲት ነርስ ለልጁ መድኃኒት እየሰጠች «ልጁን ያመመው ያልተፈላ ውኃ ነው! ቡዳ የሚባል ነገር የለም!» ትላለች። ጅቧ ሥርም በትንንሽ ፊደል «ሞኝ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው» የሚል ተጽፏል።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ እዚያ ሰልፍ ላይ የሚውሉት አብዛኞቹ መሠረተ ትምህርት ገብተው ገና ፊደል የሚቆጥሩ እናቶች መሆናቸው ነው። መምህሩ ስድቡን በሥዕል አድርጎ ማስተባበያውን በጽሑፍ አደረገው። ሥዕሉን ሁሉም አየው፤ ጽሑፉን ማን ያንብበው? ጅቧ ደግሞ አቤት ስታምር! ከሳላቸው ሁሉ እንደ እሷ የዋጣለት አልነበረም። ሰልፉ በሙሉ በጣቱ ይጠቁማታል። «ውይ፣ ጅራቷን እዩልኝ!» ትላለች አንዷ። «እኛስ ድሮም ብለናል፤ ይኸው መንግሥትም አመነ!» ትላለች ሌላዋ። አፍ የተከለከለውን ቀበሌው ራሱ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ሰጣቸው።

እናቴ የዚያን ዕለት ካርዷንና ከረጢቷን ይዛ መጣች። ከመስኮቴ ሆኜ ነው ያየሁት። መጀመሪያ ሳቁ ቆመ። ቀጥሎ ከፊቷ ያለችው ሴትዮ ትንሽ ፈቀቅ አለች፤ ከኋላዋ ያለችውም ወደ ኋላ ሸሸት አለች። የስኳር ሰልፍ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ በስኳር ሰልፍ ክፍተት የሚባል ነገር የለም። ጣት የምታስገባ ቦታ ከተገኘች ሰው ይገባባታል። ከእናቴ ፊትና ኋላ ግን ሁለት ሰው የሚያስቆም ቦታ ተከፍቶ ማንም አልገባበትም። እናቴ ግድግዳውን አየችው። ከዚያ ከረጢቷን እያጣጠፈች መሬት መሬቱን እያየች ተራዋን ጠበቀች።

መስኮቴ ጋ ስትደርስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ቀና ብዬ አላየኋትም። ካርዷን ተቀብዬ፣ መዝኜ፣ እንደማላውቃት ሰው ሰጠኋት። ገብቷታል። «እግዜር ይስጥሽ» አለችኝና፣ ለማንኛዋም መዛኝ እንደሚባለው ብላኝ፣ ሄደች። አፈርኩባት፤ ማፈሬን ስላወቀችልኝ ደግሞ ይበልጥ አፈርኩ።

ማታ አንድ ድስት በለስላሳ ድንጋይ እያሻሸች «ጽሑፉ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«መልካም ነው የሚለው» አለች። ድንጋዩን ውኃ ነክራ ቀጠለች። «ጅቧስ ጋ?»

«ሞኝ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው ይላል።»

«እሺ» አለች።

በማግስቱ ልጅቷ በቀዳዳው አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን እናትየዋን መንገድ ላይ አገኘናት። «እ... አክስቷ ጋ እያዋልኳት ነው እትዬ» አለች ዓይኗን እያሸሸች። «ማለቴ፣ እርስዎም እንዳይደክሙ ብዬ ነው።» ልጅቷን ጀርባዋ ላይ አዝላታለች። እናቴን ስታይ እጇን ዘረጋች። እናትየዋ ቶሎ ብላ ነጠላዋን ልጅቷ ፊት ላይ ጣል አደረገች። እናቴ ምን አደረገች? ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ሴትዮዋ ተጨንቃ እንዳትቆም፣ በሰላም እንድታልፍ ብላ እኮ ነው! ከዚያ ወዲያ ሕፃን ያዘለች ሴት ከሩቅ ካየች እናቴ ቀድማ ፊቷን ማዞር ለመደች። በሃምሳ ዓመቷ የለመደችው አዲስ ነገር ይህ ሆነ።

ቁጣ ነው መቼም የያዘኝ። ሱቁን ዘግቼ መምህሩን ግድግዳው ሥር አገኘሁት። «ይህን ሥዕል አንሳው» አልኩት።

«ለምን?»

«ሰው እየተጎዳበት ነው።»

እውነትም ደነገጠ። «እኔ እኮ ለእናንተ ብዬ ነው የሳልኩት» አለ።

«እኛ ማን ነን?» አልኩት።

በአራት ሳጥን የሳለውን ቃል ፊቴ ቆሞ ሊጠራው አልቻለም። ቆይቶ ግራና ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝማ። ዛሬ አንቺ ቅር አለሽ ብዬ ካነሣሁት፣ ነገ ነጋዴው ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ቄሱ ይመጣል። ከዚያ ምን ልሳል? ማጭድና መዶሻ? በዚህ ቀበሌ ሰው የሚስቅበት ይኼ ግድግዳ ብቻ ነው። በቃ፣ እሱንም ልዝጋው?»

ውሸት ቢናገር እኔ ዝም የምል ሰው አልነበርኩም። ግን እውነቱን ነው፤ ግድግዳው ሲያስቀን ነበር። ቀልድ መብት ነው ብዬ እናቴን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። «ቢያንስ ጅራቷን ሸፍነው» ብቻ ብዬ ሄድኩ። ስሄድ የሰማሁት የራሴ ድምፅ ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ለእናቴ ጅራት እንዲሸፈንላት መለመኔ!

ሥዕሉ በአምስተኛው ቀን ተነሣ። ያነሣው መምህሩ አይደለም፤ እኔም አይደለሁም። የቀበሌው ሊቀመንበር በየቀኑ ሳያየው ያልፍ ነበር። አንድ ሰው ጆሮው ላይ ምን ብሎ እንዳንሾካሾከለት አላውቅም፣ ድንገት ተመልሶ መጥቶ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ዓይኑን ተከለ። ወንበር ላይ ያንቀላፋው ወፍራም ሰውዬ ጢም አለው፤ ሊቀመንበሩም ጢም አለው። «ይኼ ማነው?» አለ። መልስ አልጠበቀም፤ በገዛ እጁ ቦጨቀው። አምስት ቀን የእናቴን ስም ያጠፋ ወረቀት ለአንድ ጢም ሲባል በአንድ ደቂቃ ተቀደደ። ለካ የመቀለድ መብቱም ወሰን ነበረው! አጥሩ እናቴን ከውጭ ትቶ ነበር የታጠረው።

እሑድ ጠዋት አዳራሽ ተጠራንና መምህሩ ግለ ሂስ አደረገ። «በጥንቃቄ ጉድለት የአመራር አካልን ክብር በሚነካ መንገድ...» እያለ ቀጠለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። መጨረሻው ላይ ቀና አለና በሕዝቡ መሐል ፈለገኝ። «በዚሁ ሥዕል ያስቀየምኳቸው ሌሎች ሰዎችም አሉ፤ እነሱን...»

«ጓድ፣ ከርዕስ አትውጣ!» አለ ሊቀመንበሩ።

አንድ ቃል ቢጨምር አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ሊቀመንበሩ ስላቋረጠው በልቤ አመሰገንኩት። የእናቴ በደል እንዳይነሣ የከለከለውን አፍ አመሰገንኩ! መምህሩ ከዚያ ወዲያ እንዳይስል ተከለከለ፤ ግድግዳውም ወደ መፈክሩ ተመለሰ። ሰልፉ ላይ የሚስቅ ጠፋ። እንዲነሣ የለመንኩት ተነሣ፤ ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ሳቁንም የእናቴንም ክብር ያጣሁ ሆንኩ። ሥዕሉ ተቀደደ እንጂ ጅቧ ከሰው ዓይን አልወጣችም፤ ልጅቷም አክስቷ ጋ መዋሏን አልተወችም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ግቢ ውስጥ ሸክላ ለመተኮስ ቅጠል ታዘጋጃለች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አጥሩ ተንኮሻኮሸና ልጅቷ በቀዳዳው ብቅ አለች። ከማን አምልጣ እንደመጣች አላውቅም። እናቴ እንዳየቻት እንደለመደችው ፊቷን ልታዞር አለች። ልጅቷ ግን ሮጣ መጥታ ቀሚሷን ያዘችና «እማማ፣ ጅራትሽ የታለ?» አለቻት።

እናቴ የያዘችውን ቅጠል አስቀመጠች። ከዚያ ጀርባዋን ለልጅቷ ሰጥታ ቆመችና «ፈልጊያ» አለቻት።

ልጅቷ ነጠላዋን ከኋላ ገለጠች። ዳበሰች፤ ጎንበስ ብላ አየች። እናቴ እጆቿን አንጠልጥላ፣ የሐኪም ቤት ሰው እንደሚያያት ሁሉ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«የለም!» አለች ልጅቷ።

«የለም አይደል? ለእናትሽ ንገሪያት» አለች እናቴ።

ልጅቷ ነገረቻት፣ አልነገረቻት አላውቅም። እኔ ከዚያ ቀን የያዝኩት ሌላ ነገር ነው። የእናቴ ልጅ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትታጠብ ጀርባዋን የማሻት እኔ ነኝ፤ ያ ገላ ምን እንዳለውና ምን እንደሌለው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ልጅቷ ነጠላውን ስትገልጥ፣ እኔም በሩ ላይ እንደቆምኩ አንገቴን አስግጌ አየሁ።